ያላበጠው ፊቴና የተከለከልሁት ፔኒሲሊን

ካርድሽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ የተጻፈብሽ እህቴ፣ ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው። ወንድሞችም ብታነቡት አልከፋም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረኝን ንባብ ከጋዜጣ ቁራጭና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ የለቃቀምሁ፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብቅልና ጌሾ የምሸጥ ሴት ነኝ። ነገር ግን ያቺ አንዲት መስመር ሃያ ሁለት ዓመት ይዛኝ ኖራለች። ልትገድለኝም ምንም አልቀራት። እምቢ አልሁ። እንዴት እምቢ እንዳልሁ ልንገርሽ።

የተወለድሁት ደንቢያ ነው፤ ከኮላ ድባ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጉሮሮዬን አመመኝ። «እንጥሏ ወርዷል» አሉ። ጉሮሮዬ ተሻለው ሲባል ጉልበቴ አበጠ፤ እሱ ሲቀል ቁርጭምጭሚቴ፤ ሕመሙ ቤት እንዳጣ እንግዳ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። «ብርድ መቷት ነው፣ ቁርጥማት ነው» ተባለና በቅቤ ታሸሁ። ሳይሻለኝ ሲቀር ነው ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ። በየወሩ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ፤ ፔኒሲሊን። ሦስት ወር ተወጋሁ፣ ምንም አልሆንሁም። በአራተኛው ወር ግን ያ ነገር ሆነ።

እናቴ ውዴ ስታወራው እንዲህ ነው። መርፌው ከዳሌዬ ገና ሳይወጣ ፊቴ እንደ ቅል ተነፋ። ምላሴ ከአፌ አልገባ አለ። አረፋ ደፈቅሁ። ሞቼ ተነሣሁ። እኔም ስንት ጊዜ አወራሁት! ገበያው ሲቀዘቅዝ ሴቶቹ «እስቲ ጥሩዬ፣ ያን የሞትሽበትን ንገሪን» ይሉኛል። ወሬ እወዳለሁ፣ አልዋሽሽም፤ አሳምሬ እነግራቸዋለሁ። አንድ ሰሞን ቅል ያከለው ፊቴ በሌላው ሰሞን እንስራ አከለ። ሲስቁ ደስ ይለኛል፣ እጨምራለሁ። የጨመርሁት በራሴ ላይ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

በዚያ ቀን ጤና ረዳቱ በቀይ ጻፈብኝ። መርፌውም በዚያው ቀረ። ያ ካርድ ጠፋ፣ ሌላ ተተካ፣ እሱም አለቀ፤ ጽሑፉ ግን ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠ አብሮኝ አደገ። አብሮኝ ከተማ ገባ፤ አብሮኝ ተዳረ፤ ሁለት ልጅ ስወልድም አብሮኝ ነበረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገበያው ወደ አራዳ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። በፊት ጌሾ ተሸክሜ የምወጣውን ዳገት ባዶ እጄን ሦስት ጊዜ ቆሜ እወጣዋለሁ። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፤ ጫማዬ አልገባ ይለኛል። አንዱ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። ሌላው «ጨጓራ»። ሦስተኛው «አስም» ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኝ። አራተኛው ባሌን ሙላትን ከክፍሉ አስወጣና «ጭንቀት ይመስላል። ከባልሽ ጋር ሰላም ናችሁ?» አለኝ። ሰላም ነበርን፤ በዚያ ጥያቄ የተነሣ ግን ሙላት አንድ ሳምንት አኮረፈ። «ምን ብለሽ ነግረሽው ነው?» ይለኛል። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ውሎ ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ባሰበት።

ጓደኛዬ ዘይነባ ናት እጄን ይዛ ሆስፒታል የወሰደችኝ። አራዳ ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ፣ «ተነሽ! ብቅሉን አይጥ ይብላው፤ አንቺን ጉንዳን ሳይበላሽ» ብላ ጎተተችኝ። አግዳሚው ላይ ከጧት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ከእኔ ወዲህ ከአይከል የመጣች ሴት፣ ከእኔ ወዲያ ልጁን ያቀፈ አባት፤ ሁላችንም በሩ በተከፈተ ቁጥር አብረን እንነሣለን፣ አብረን እንቀመጣለን። ያቺ የአይከል ሴት ቆሎዋን ሳትሰስት ለማታውቀን ሁሉ አካፈለችን። እንዲህ ያለው ነገር ከመድኃኒት አይተናነስም።

የልብ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ልብ በሮች አሏት፤ ደም በአንዱ ይገባል በሌላው ይወጣል። የልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ሲይዘኝ ሰውነቴ ሕመሙን ሊዋጋ ተነሥቶ ተሳስቶ የገዛ ልቤን በር አቆሰለ። ቁስሉ ጠባሳ ሆነ፤ በሩ እንደ ልብ አይከፈትም። ጉሮሮዬ ዳግመኛ በታመመ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል። እንዳይታመም የሚጠብቀው ፔኒሲሊን ነው። ይህን ብሎ ካርዴን ገለጠና እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«ምነው?» አልሁት።

«አንቺ አይስማማሽም ይላል።»

ሌላ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ኤሪትሮማይሲን። ሆዴን እንደ በርበሬ አቃጠለው፤ እሱንም ቻልሁት። መንገድ ሲዘጋ ግን መድኃኒቱም ከከተማው ይጠፋል። አንድ ጊዜ ከወር በላይ አጣሁት። በዚያው መሀል ጉሮሮዬ ታመመ፣ ጉልበቴ አበጠ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

እዚያ አልጋ ላይ ሳለሁ ነው ሌላ ሐኪም የመጣችው፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ። «እንዲህ ድጋሚ ካገረሸብሽ የልብሽ በር አይችለውም» አለችኝ። «በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ተራው ግን እሩቅ ነው። በቀላሉ የሚጠብቅሽ ያ የተከለከልሽው መድኃኒት ነበር። ለመሆኑ ፔኒሲሊኑ ምን አደረገሽ?»

እኔም ጀመርሁላት። ቅሉን፣ አረፋውን፣ ሞቼ መነሣቴን። በሽተኛው ሁሉ ጆሮውን ሰጠኝ። እሷ ግን መጻፏን አቆመች።

«ይህን አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«እንዴት?»

«ፊትሽ ሲያብጥ፤ በመስተዋት አየሽ? በእጅሽ ዳሰስሽ?»

የማስታውሰው ጨለማ ነው። ጆሮዬ ጭው ሲል፣ ብርድ ብርድ ሲለኝ፤ ከዚያ የእናቴ ጩኸት። ሌላውን ሁሉ ያገኘሁት ከወሬ ነው፤ ግማሹንም የጨመርሁት እኔው ነኝ። አፈርሁ። ደግሞም ተናደድሁ።

«መርፌውን የወጋሽ ሰው በሕይወት አለ?» አለችኝ።

«አያ ደሴ? አሉ መሰለኝ፤ ኮላ ድባ።»

ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ሽፍታ ወጣ? አሳከከ? ፊት ወይ ከንፈር አበጠ? ትንፋሽ አጠረ? ቀድሞ ተወግታ ነበር? «አለርጂ ነሽ ከተባሉት ሲመረመሩ ነጻ የሚሆኑ ብዙ ናቸው» አለችኝ። «እውነተኛ የሆነም አለ፤ እሱ ቀልድ አይደለም። አንቺ ከየትኛው እንደሆንሽ አላውቅም። አጣርተሽ ነይ።»

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖር። ቤት እንደገባሁ ጠየቅኋት።

«እማ፣ በእውነት ፊቴ አብጦ ነበር?»

«ምነው? በእርጅናዬ ውሸታም ልትዪኝ ነው?»

«አብጦ ነበር ወይ ነው ያልሁ።»

«ወድቀሻል! ሞተሻል! እኔ ነኝ ያለቀስሁ!»

«ማልቀስሽን አልጠየቅሁም እማ፣ ማበጤን ነው።»

ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሙላትም ገባና ሲሰማ፣ «ይህን ነገር ተዪው። ሁለት ልጅ አለሽ» አለኝ። ልጆቼን ቆጥሮ የሚያስፈራራኝ ሰው አልወድም። ስላሉኝ አይደል የምሮጠው?

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ኮላ ድባ ወረድሁ። አያ ደሴን ደጃፋቸው ላይ ሽንብራ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል።

«አያ ደሴ፣ አወቁኝ?»

ቀና ብለው ብዙ አዩኝ። «የውዴ ልጅ አይደለሽ? ያች የወደቀችው! አድገሽ ሸጋ ሴት ወጣሽሳ!»

«ፊቴ አብጦ ነበር?»

«ምን?»

«ያን ጊዜ፤ ስወድቅ።»

«ኧረ አላበጥሽም! እንደ ጥጥ ነጣሽ እንጂ። ላብ አጠመቀሽ፣ ወደቅሽ። እግርሽን ሰቅዬ ያዝሁት፣ ውሃ ረጨሁሽ። ወዲያው ነቃሽና እንጀራ ስጡኝ አልሽ። ሁዳዴ መሆኑን እንኳ ረስተሽ!» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ሴት ልጆች በሁዳዴ ማን እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለች እያልን እንፎካከር ነበር። ቀድማ የቀመሰች ዓመቱን ሙሉ «ሆዳም» ትባላለች። እኔ እንዳልሸነፍ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አልቀምስም። በዚያ ዕለት ውሃ ቀድቼ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄጄ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ፣ በባዶ ሆዴ ነው ያን የሚያም መርፌ የተወጋሁ። በሬስ ቢሆን አይወድቅም?

ከወረቀቱ እያነበብሁ ጠየቅኋቸው። ሽፍታ? «የለም።» ማሳከክ? «የለም።» ትንፋሽ? «እንደ እኔ ትተነፍሽ ነበር።»

«ታዲያ ምነው በቀይ ጻፉብኝ?»

ሽንብራውን መልቀም አቆሙ። «እናትሽ ስትጮህ አገሩ ተሰበሰበ። ከዚያ በፊት ባለው ወር አንድ ጓደኛዬ ሌላ ቀበሌ መርፌ ወግቶ ልጅ ሞተበትና ደብድበው እጁን ሰበሩት። በሚቀጥለው ወር አንቺን ልድገምሽ? ፈራሁ ልጄ። ጻፍሁና ተገላገልሁ።»

«እርስዎ የተገላገሉትን እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከምሁት፣ አያ ደሴ።»

ልጮህባቸው ነበር የሄድሁት። የለቀሙትን ሽንብራ ካልተለቀመው ጋር ሲደባልቁት አየሁና ድምፄ ወረደ፤ ቃሌን ግን አልመለስሁም። «እውነትሽን ነው» አሉ። ሳልጠይቃቸው ወረቀቱን ተቀብለው ያዩትን ከሥሩ ጽፈው ፈረሙበት። እሱን ያደረጉት በድፍረት ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ይቅርታውን ገና እያሰብሁበት ነው።

ሐኪሟ አነበበችና ለምርመራው ቀን ቆረጠችልኝ። መድኃኒቱ በመርፌ ሳይሆን በኪኒን እንደሚሆንም ነገረችኝ፤ ልቡ በጣም የተጎዳ ሰው አለርጂ ባይኖረው እንኳ በመርፌው ሕመምና ድንጋጤ ልቡ ሊከዳው ስለሚችል። የሚዋጠው ፔኒሲሊን ጧትና ማታ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አይታለፍም። «ቁርስ ሳትበዪ እንዳትመጪ» አለችኝ።

ቀኑ የነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። የንስሐ አባቴ «መድኃኒት ነው፣ ብይ» ብለውኛል። ግን እናቴን ፈራሁ። ሙላት እንደሆነ «ስትሞቺ ቆሜ አላይም» ብሎ በጠዋት ባጃጁን አስነሥቶ ሄዷል። ነጠላዬን ሳነሣ እናቴ ዳቦና ሻይ ፊቴ አስቀመጠች።

«ብይ። በባዶ ሆድሽ አትሄጂም።»

አየኋት። እሷ ወደ ሻዩ ታያለች።

«ስትወድቂ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለች። «ምን እንዳየሁ እኔስ መች አውቃለሁ? ያየሁ የመሰለኝን ነው ያወራሁ።»

በላሁ። አንዲትም ፍርፋሪ አላስቀረሁም።

ዘይነባ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ሆስፒታል መጣች። ምርመራው ክፍል ውስጥ ሲስተሯ ትሪ ላይ የተቀዳ መርፌ አስቀምጣለች። «ይህ ምንድን ነው?» አልኋት። «ምናልባት ሰውነትሽ ቢቆጣ ወዲያው የምወጋሽ ነው። እንዳንፈልገው ጸልዪ።» ክንዴ ላይ ሦስት ጠብታ አደረገችና በጠብታዎቹ ላይ ቆዳዬን ጫር ጫር አደረገችው። ብዙ ሳይቆይ አንደኛው ቀላ፤ ቀጥሎም ተነሣ።

«አበጠ! ዘይነባ፣ አበጠ!» ብዬ ዘለልሁ።

ሲስተሯ ሳቀች። «እሱ ማበጥ ያለበት ነው። ቆዳሽ መናገር እንደሚችል ለማወቅ የተደረገ ነው። ያኛው ተራ የጨው ውሃ ነው፤ ፔኒሲሊኑ ይኸኛው ነው።» ይኸኛው ጸጥ ብሏል። ዘይነባ፣ «ሴትዮ፣ አንቺስ ያለ መርፌም ትሞቻለሽ» አለችኝ።

ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ትንሽ ወጉኝ፤ እሱም ዝም አለ። ከዚያ ኪኒኑ መጣ፤ መጀመሪያ ቁራሹ። ዋጥሁና ተቀመጥሁ። ያኔ ነው ፍርሃቱ የመጣ። አንገቴን በላኝ። ጀርባዬን በላኝ። ምላሴ የከበደኝ መሰለኝ። ሲስተሯ መጥታ አየች፤ ምንም የለም። ዘይነባም ክንዷን ታካለች። «እኔንም በላኝ። እኔም አለርጂ ነኝ እንዴ?» ትላለች። ሳቅን። ስስቅ ትንፋሽ እንዳለኝ አወቅሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉውን ሰጡኝ። እሱን ስውጥ አልሳቅሁም። ልቤ ደረቴን ትደበድበዋለች፤ ያቺ በሯ የተጎዳች ልቤ። ልጆቼን አሰብሁ። በዚህ ኪኒን ብሞት «ነግረናት ነበር» እንደሚሉ አሰብሁ፤ እሱ ደግሞ ከሞቱ በላይ አናደደኝ። ጊዜውን ለመግፋት ለዘይነባ የልጅነቱን ታሪክ ነገርኋት፤ ያልጨመርሁበትን። አንዲት ልጅ በጾም ሳትበላ መርፌ ተወጋችና ወደቀች። አለቀ። ከዚያ በፊት እንዲህ አጭር ሆኖ አያውቅም።

ሰዓቱ ሞላ። ሐኪሟ ካርዴን አወጣች፤ በቀዩ ላይ መስመር አሰመረችና ከጎኑ «ተመርምራለች፣ መውሰድ ትችላለች» ብላ ፈረመች። «በሚቀጥሉት ቀናት ሽፍታ ካየሽ ወዲያው ትመጫለሽ» አለችኝ። አቀፍኋት። አልጠበቀችም መሰለኝ፣ መነጽሯ ወደቀ።

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ የሙላት ባጃጅ ቆማለች። ከጧት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ዘበኛው ነገረን። «ተሳፋሪ አጥቼ ነው» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ተሳፈርን።

እህቴ፣ አደራ። ይህን አንብበሽ ቤትሽ ኪኒን ሰብረሽ እንዳትሞክሪ። እኔ በተኛሁበት ክፍል በእውነት ጉሮሮው ተዘግቶ በስንት መከራ የተረፈ ሰው ነበር፤ ለእሱ ያ ቀይ ጽሑፍ ሕይወቱ ነው። ይታዘዝለት። እኔ የምልሽ፣ የተጻፈብሽን ማን እንዳየው ጠይቂ፤ ጠይቀሽ ወደሚመረምርሽ ሂጂ። «አይሆንም» ካሉሽ ለምን እንደማይሆን ይንገሩሽ። ሳይነግሩሽ ከወንበሩ አትነሽ።

የመጀመሪያውን ወር ኪኒን የሰጠኝ ሆስፒታሉ ነው። ሲያልቅ ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ጌትነት ያን ሆድ የሚያቃጥለውን ኪኒን ለዓመታት የሸጠልኝ ደግ ሰው ነው። ማዘዣውን አየና መለሰልኝ።

«ጥሩዬ፣ ተሳስተዋል። አንቺ ፔኒሲሊን አይሆንሽም።»

«ተመርምሬያለሁ። ካርዱን እይ።»

አየ። «እሱስ ጽፈዋል። ግን ደምሽን በእጄ አላደርግም። እንደ እህቴ ነው የማይሽ።»

«እንደ እህትህ ካየኸኝ ስጠኝ!»

ወረፋ የያዘው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዷ «ኧረ ይስጧትና እንሂድ» አለች። ጌትነት እየከፋው አወረደልኝ። ከፈልሁ። የጧቱን ገና አልወሰድሁም ነበርና «ውሃ» አልሁት። ፊቱ ቆሜ ዋጥሁት፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። «አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ። እየኝ።»

ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ጌትነት ገንዘብ እየመለሰ ያየኛል፣ ሽሮፕ እያወረደ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ሰው ቀለለለት፤ ባንኮኒውን ዞሮ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሚስቴም እንዲህ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅ ሆና ፔኒሲሊን ወግተዋት መላ አካላቷ ቀልቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ሦስት ቀን ሙሉ...»

«ቆይ» አልሁት። «ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

ራሱን አከከ።

«እኔ እንኳ አላየሁም። ተነግሮኝ ነው።»

«በል እንግዲህ» አልሁት፣ ብርጭቆውን እየመለስሁለት፤ «ያየውን ሰው ፈልግ።»